የልጄ ማቆያ ምግብ፦ በእጇ መብላቱ ተፈቀደላት፣ ስኳሩ ግን አታገለን

ይህ ጀሞ አካባቢ ስላለ አንድ የሕፃናት ማቆያ የጻፍኩት ግምገማ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጄ እስካሁን እዚያው ናት፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ቅሬታዎችም ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ስለሚያውሉባቸው ማቆያዎች ከሚነግሩኝ እምብዛም አይለዩም። ስለ ግቢው፣ ስለ ካሜራውና ስለ ክፍያው ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ምግቡ ነው። በተለይ ቤቢ ሌድ ዊኒንግ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ፣ ልጃችሁን ከስድስት ወሩ ጀምሮ በማንኪያ ከማጉረስ ይልቅ ራሱ እያነሳ እንዲበላ ያስለመዳችሁ ከሆነ፣ ማቆያ ስታስገቡት ምን እንደሚጠብቃችሁ ብታውቁት ይበጃል።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። ዓመት ያልሞላቸው ከሳሎኑ ጎን ባለው ክፍል፣ ትልልቆቹ ፎቅ ላይ ይውላሉ። ጠዋት 1፡30 ይከፈታል፣ ማታ 12፡00 ይዘጋል፤ መንገዱ ተዘጋግቶባችሁ ብትዘገዩ የዘገያችሁበት ይታሰብባችኋል። ክፍያው ምሳና መክሰስን ጨምሮ በወር 7,000 ብር ነው። ካሜራ አለ፣ ግን ወላጅ በስልኩ አያየውም፤ ቢሮ ተቀምጠው ባለቤቷ ናቸው የሚያዩት። እኔን ይሄ አልከፋኝም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ለሥራም ለጤናም አይሆንም። ንጽሕናው ጥሩ ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ዳይፐር መቀየሪያው ምግብ ከሚበሉበት ርቋል። በሕፃናቱ ክፍል አንዲት ሞግዚት አራት ልጅ ትይዛለች። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ፍሪጅ ውስጥ ስላስቀመጥነው የጡት ወተት ደውለው ይነግሩናል፤ ይህንን ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የሚያደርጉት። ባለቤቷ ነርስ ስለሆኑ ሁላችንም «ሲስተር» እያልን ነው የምንጠራቸው።

ወደ ምግቡ ልግባ። እኔ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን አልቆ ሥራ ስገባ፣ እማዬ ከደሴ መጥታ ልጄን ያዘችልኝ። ልጅቷ የዘጠኝ ወሯን የኩፍኝ ክትባት እስክትከተብ ቆይታ እማዬ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እስከዚያ ድረስ ሚጣ (ለዚህ ጽሑፍ ሚጣ እንበላት) ምግቧን በእጇ መብላት ለምዳለች። ስድስት ወር ሞልቷት፣ ደህና አድርጋ መቀመጥ ስትጀምርና ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ስትልክ ነው ያስጀመርናት። ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች በእንፋሎት ይበስሉና በአዋቂ ጣት ልክ ይቆረጣሉ፤ በሁለት ጣት ጫን ሲሏቸው ካልተደፈጠጡ ገና ናቸው ማለት ነው፣ ወደ ድስቱ ይመለሳሉ። አቮካዶ ከእጇ እየሾለከ ሲያስለቅሳት በሶ ላይ አንከባለልንላት፤ ከዚያ ወዲህ አልሾለከም። ሙዝ ላዩ ተልጦ ታቹ ከነልጣጩ ይቀራል፣ መያዣ እንዲሆናት። እንቁላል ያለ ጨው ተጠብሶ በቁመቱ ይቆረጣል። ሥጋ ደግሞ ክሩ እስኪለያይ ይቀቀላል። እማዬ መጀመሪያ «ልጅን ያለ ጉርሻ?» ብላ አኩርፋ ነበር። ሚጣ አንድ ቀን የዱባ ቁራጭ አንስታ አያቷን ስታጎርስ ጊዜ ኩርፊያው እዚያው ቀረ።

ሲስተር ግን እንደ እማዬ ባንድ ጉርሻ የሚረቱ ሴት አይደሉም። ልመዘግባት ሄጄ ነገሩን ሳስረዳቸው የመጀመሪያ መልሳቸው «ይሄ እዚህ አይሆንም፣ የሚጣ እናት» የሚል ነበር። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንዱ ጊዜ ነው፤ አንዲት ሞግዚት አራት ልጅ ተራ በተራ እያጎረሰች ቶሎ ትጨርሳለች፣ ራሳቸው ይብሉ ከተባለ ግን ምሳው ከእንቅልፋቸው ሰዓት ጋር ይጋጫል። ይህን ተቀበልኩ፤ እውነት ነውና። ሁለተኛው መታነቅ ነው። እዚህ ላይ ተከራከርን፤ ደግሞም ጥሩ ክርክር ነበር፣ ምክንያቱም ነርስ ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ልጅ በእጁ መብላት ሲጀምር ቋቅ ይለዋል። ፊቱ ይቀላል፣ ያስለዋል፣ ምላሱን አውጥቶ ቁራሹን ይተፋዋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላውን ያነሳል። ይህ ሰውነቱ ራሱን የሚጠብቅበት ነው። መታነቅ ሌላ ነው፤ የታነቀ ልጅ ድምፅ አይኖረውም፣ ማሳልም ማልቀስም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ በ206 እናቶችና ሕፃናቶቻቸው የተጀመረ ጥናት፣ አዘገጃጀቱን የተማሩ እናቶች በእጃቸው ያስለመዷቸው ሕፃናት በማንኪያ ከሚበሉት የበለጠ እንዳልታነቁ አሳይቷል። ያው ጥናት በሁለቱም ወገን ብዙ ሕፃናት ሊያንቅ የሚችል ምግብ ይሰጣቸው እንደነበርም ተናግሯል። ሲስተር ይህችን ሁለተኛዋን ይዘው «አየሽ!» አሉኝ። እኔም «እሱን ነው የምልዎት፤ አደጋው እጇ ሳይሆን የሚቀርብላት ነገር ነው» አልኳቸው።

ምስጋና የሚገባቸው ከዚህ በኋላ ላደረጉት ነው። በዚያው ሳምንት ሞግዚቶቹን ሰብስበው፣ በአሻንጉሊት እያሳዩ፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ አስተማሩ። በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ በመዳፍ መምታት፤ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን 5 ጊዜ መጫን፤ ቁራሹ ሳይታይ ጣት አፉ ውስጥ ከትቶ አለመፈለግ። አንዷ ሞግዚት «ውሃ አናጠጣውም?» ብላ ስትጠይቅ የሲስተርን ፊት ማየት ነበረባችሁ። ልጃችሁ በማንኪያም ይብላ በእጁ፣ ማቆያ ስትመርጡ ይህን የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ የ4 ሰዓቱን መክሰስና የምሳውን ጠጣር ምግብ ራሷ ትበላለች፤ ሾርባና እርጎ በማንኪያ ይሰጣታል። የእጇን ምግብ መጀመሪያ አካባቢ እኔ ቆራርጬ በዕቃ እልክ ነበር። በኋላ ግን ምግብ አብሳይዋ «ምነው፣ እኛ ቤት ቢላዋ የለም?» ብለው ተቆጡኝ።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልናገር። በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ከጠዋት ጀምረው የማይቀመጡ ሴት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ያዩኝ ጊዜ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ሳቁብኝ። ግን የማቆያውን ምግብ ለሕፃን እጅ እንዲመች አድርገው የለወጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከኢንተርኔት ያመጣሁት ካሮትና ብሮኮሊ ብቻ ነበር። ቅንጬውን ሲበርድ በመዳፋቸው ጨምቀው የእንቁላል አስኳል በምታክል ድብልብል ያወጡታል። ገንፎውን ጠንከር አድርገው ያገነፉና በጣት ልክ ይቆርጡታል፤ በርበሬ የለበትም፣ ቅቤዋ ጠብታ ናት። ምስር አልጫውን ወፍራም አድርገው እንጀራ ላይ ይቀቡና ጠቅልለው ይከፋፍሉታል። እንዲያው ሲያስቡት የኛ አገር ምግብ ሲፈጠርም በእጅ የሚበላ ነው፤ ልጅ እንጀራ በእጁ ይብላ ብሎ ማስፈቀድ ራሱ ያስቃል። ድንች ያለ ሚጥሚጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ የቀይ ሥር ቁራጭ... የቀይ ሥር ቀን ልጄን ስወስዳት አንገቷ ድረስ ሐምራዊ ሆና ነው የማገኛት። ባለ እጅጌ የፕላስቲክ ሽርጥ ግዙ፤ ያችን ግዢ አትለፏት።

ያልተሳካልን ነገር «አልጠገበችም» የሚሉት ነው። ሞግዚቷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ሚጣን ትወዳታለች፣ እሷም እጇን ዘርግታ ነው የምትሄድላት። ነገር ግን ሕፃን አንገቱን ካዞረ ጠግቦ ነው ብሎ ማመን አልሆነላትም። ሚጣ ራሷ በልታ ስትጨርስ «ለማንኛውም» ብላ ሁለት ሦስት ማንኪያ ትጨምርላታለች፤ እምቢ ካለች በስልክ የልጆች ዘፈን ከፍታ ታታልላታለች። የመገናኛ ደብተሩ ላይ «ጥሩ በላች» ተብሎ የሚጻፈው ሳህኑ ሲያልቅ ነው። አንድ ሁለቴ ተናገርኩ፣ ከዚያ ተውኩት። የልጅ ሳህን ባዶ ካልሆነ ወላጅ ይቆጣል ብላ የምትፈራ ልጅ ናት፤ የሚቆጡም ወላጆች አሉ።

ስኳሩን ግን አልተውኩትም።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳምንቱን ምግብ ዝርዝር ብታዩ አንዳች የሚያስነቅፍ አታገኙበትም። ሰኞ ሩዝ በአትክልት፣ ማክሰኞ መኮሮኒ፣ ረቡዕ ሽሮ፣ ሐሙስ ቅንጬ፣ ዓርብ ድንች አልጫ። ስኳር የሚል ቃል የለበትም። ደብተሩ ላይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚከተለውን አነበብኩ፦ «መክሰስ፦ ሻይ በዳቦ። አጥሚት አንድ ጡጦ።» በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤ ሊደበቅ የሚገባው ነገር ነው ብሎ ያሰበ የለም። ሻዩ ስኳር እንዳለው መጠየቅ አያስፈልግም፤ አገራችን ውስጥ ስኳር የሌለው ሻይ ለበሽተኛ ነው የሚቀዳው። አጥሚቱን ለመቅመስ ግን እግሬን ወደ ኩሽና አነሳሁ። እትዬ በኩባያ ቀዱልኝ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል አጥሚት ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን ጥርስ ያማል። «ካልጣፈጠ አይጠጡትም እኮ ልጄ» አሉኝ፣ ከልባቸው።

ከሲስተር ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ነገሬን በሦስት ከፈልኩት፤ ሁሉንም አንድ ላይ ብናገረው «አካባጅ እናት» ተብዬ እንደማልፍ አውቃለሁና። ጓደኛዬ ሌላ ማቆያ ውስጥ «ልጄ ምንም ጣፋጭ እንዳይቀምስ» ብላ ደብዳቤ ጽፋ፣ የሆነው ምንድን ነው? መሰጠቱ ቀጠለ፣ ደብተሩ ላይ መጻፉ ቀረ። እኔ የምፈልገው እንዲነግሩኝ ነው።

የመጀመሪያው ማር ነበር። ይህ ድርድር የለውም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር (በቀላሉ የማይሞት ዘሩ) ሊኖር ይችላል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል፣ ማሩን ማፍላትም ስፖሩን አያጠፋውም። ሲስተር ይህን ያውቁታል። ኩሽናው ግን አያውቀውም፤ ለጉንፋን ማር በሎሚ ማላስ እትዬ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉበት መድኃኒት ነው። ሲስተር እኔ ፊት ጠርተው ነገሯቸው። «እኔን! ስንቱን አልሼ!» ብለው ደነገጡ፤ ከዚያ ወዲህ የማሩ ጣሳ ፎቅ ላይ ካለው ቁም ሳጥን ወርዶ አያውቅም።

ሁለተኛው ሻዩ ነበር፤ እዚህ ላይ የረዳኝ ስኳሩ ሳይሆን ብረቱ ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት ከስድስት ወር በኋላ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደግሞ ከምስር፣ ከሽሮና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። በአንድ በኩል «ምስር አብሉልኝ» እያልኩ በሌላ በኩል ሻይ ሲጠጣበት ምስሩ ምን ይጠቅማል? «ስኳር መጥፎ ነው» ብል ኖሮ እንሟገት ነበር፤ «ደሟ ያንሳል» ስል ግን ነርስነታቸው ተነሳ። ሻይ ከሕፃናቱ ክፍል ወጣ። በምትኩ ሙዝ፣ ፓፓያ ወይም የተቀቀለ ድንች ገባ። ዳቦው ባለበት ቆየ፤ ዳቦ ብቻውን ምን አደረገን።

ሦስተኛው አጥሚቱ ነው፤ ይሄ ገና አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ፣ ስኳር የተጨመረባቸው መጠጦች ጭራሽ እንዳይሰጡ፣ መቶ በመቶ የፍራፍሬ ጭማቂ እንኳ እንዲወሰን ይመክራል። ሲስተር ተስማሙ፤ ግን ከሕፃናቱ ግማሾቹ እናቶች «ልጄ አጥሚት ካልጣፈጠለት አይወስድም» ብለው ስኳሩን በፌስታል አድርገው ይልካሉ። ስለዚህ አሁን አጥሚቱ ያለ ስኳር ይፈላል፣ ስኳሩ በየጡጦው ለየብቻ ይገባል። የሚጣ ጡጦ ላይ በፕላስተር «ስኳር የለውም» የሚል ተለጥፏል። አዲስ ሞግዚት የገባች ሰሞን ፕላስተሩ ሲታጠብ ተልጦ ሁለት ቀን ጣፋጭ ጠጥታለች፤ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ስላገኘሁት አልተጣላሁም። በኩባያ እንዲሰጧት ብጠይቅም የእንቅልፍ ሰዓት ላይ ጡጦው ይቀላቸዋል። ጣፋጭ ነገር ጡጦ አፍ ላይ ተይዞ እንቅልፍ ከተወሰደ ጥርስ እንደሚበላ፣ እዚያው ፎቅ ላይ የፊት ጥርሳቸው የጠቆረ ልጆች አሉ፤ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ቤት ውስጥ ያየሁትን ለውጥ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው «ትንሽ ስኳር ምን ያደርጋል» ስለሚል። ሚጣ ማቆያ ገብታ ብዙም ሳትቆይ፣ ቤት ያለውን ስኳር የለሽ አጥሚት አፏ ሲነካ ፊቷን ታኮማትር ጀመር። ዱባና ስኳር ድንች ትበላለች፤ ቆስጣና ምስር ትወረውራለች። ሕፃን ሲፈጠር ጣፋጭ ወዳጅ ነው፣ የጡት ወተትም ጣፋጭ ነው፤ መራራውንና ኮምጣጣውን የሚለምደው ደጋግሞ ሲቀርብለት ነው። ባለሙያዎቹ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል ይላሉ። እኔ አልቆጠርኩም። ቆስጣውን ከእንቁላል ጋር ጠብሼ፣ ሳልለምናት፣ ከሌላው ምግብ ጎን አስቀምጥላታለሁ፤ ትወረውራለች፣ አነሳለሁ፣ በሌላ ቀን እንደገና። የማቆያው አጥሚት ስኳሩ ከተቀነሰ በኋላ ቆስጣው ተመለሰ። ምስር አሁንም እንደ ስሜቷ ነው።

የዐቢይ ጾም ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ የመዘገብኳት ቀን ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ሕፃን አይጾምም፤ ኩሽናው ግን ይጾማል። እትዬ 55ቱን ቀን ስለሚጾሙ እንቁላልና ወተት የነካ ድስት መቅመስ አይችሉም፤ ጨውና ብስለቱን ሳይቀምሱ መሥራት ደግሞ አይወዱም። ስለዚህ ማንም ሳይወስን እንቁላሉ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ እርጎው ይቀንሳል፣ በቦታው ዳቦ፣ መኮሮኒና የጾም ብስኩት ይበዛል። ብስኩት ማለት ስኳር ነው። ያው የ2023 መመሪያ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በየቀኑ እንዲሰጥ ይላል፤ ሁለት ወር ገደማ ለሕፃን ቀላል ጊዜ አይደለም። የአንድ ሙስሊም ጓደኛዋ እናትና እኔ ተነጋግረን፣ ለሁለቱ ልጆች የተቀቀለ እንቁላል ከየቤታችን መላክ ጀመርን፤ ሞግዚቷ ትልጥና ትከፍልላቸዋለች። ሲስተር አልተቃወሙም፤ እትዬም «የናንተውን እናንተው ጨው ካያችሁት እሰየው» አሉ። በዚያ ወቅት የምታስመዘግቡ ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

አሁን ወደ ልደቱ። ከዚህ ማቆያ የምጣላበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ወር በገባ ቁጥር የአንዱ ልጅ ልደት አለ። ሳሎኑ ይነጠፋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ኬክ ይገባል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ከዚያ ቡና ይፈላና ፈንዲሻ ይበተናል። ፈንዲሻ! ገና የሚድሁ፣ ያገኙትን ሁሉ አንስተው ወደ አፋቸው እንዲልኩ ያስለመድናቸው ልጆች ባሉበት ወለል ላይ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ለትንሽ ልጅ የሚያንቅ ነገር ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ ናቸው። አንድ ማታ ሚጣን ላጥባት ልብሷን ሳወልቅ ካልሲዋ ውስጥ አንድ ያልፈነዳች የበቆሎ ፍሬ አገኘሁ፤ ጣቶቿ መሐል ተጣብቃ። በማግስቱ ፍሬዋን በሶፍት ጠቅልዬ ሲስተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። መልሳቸው «ባህል ነው እኮ የሚጣ እናት፣ ወላጆቹ ይቀየማሉ» ነበር። ያን ሁሉ ስለ መታነቅ የተከራከሩኝ ሴት!

አሁን ልደት ሲኖር የሕፃናቱ ክፍል በር ይዘጋል፣ ሲያልቅ ወለሉ ሁለቴ ይጠረጋል። መሻሻል ነው። ግን ትልልቆቹ እየሮጡ በሩን ይከፍቱታል፣ የሚጣ ዓይነቱም አሁን ድክ ድክ ስለጀመሩ ክፍሉ ውስጥ አይያዙም። በቴሌግራም የወላጆች ግሩፕ ላይ ፈንዲሻው በሙዝና በዳቦ ይተካ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ግማሹ በአውራ ጣት ደገፈኝ፣ ግማሹ ዝም አለ፤ በቀጣዩ ልደት ፈንዲሻው እንዳለ መጣ።

ኬኩን ግን ጨርሶ አልከለከልኩም። ዓመቷን እስክትደፍን «አይሰጣት» ብዬ ነበር፣ አልሰጧትም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሁለት ዓመት እስኪሞላ የተጨመረ ስኳር አትስጡ ይላል፣ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ሁሉ ኬክ ይዘው አንዲት ልጅ ሙዝ ይዛ የምትቀመጥበት ቤት ውስጥ እሷን እያሰብኩ ቢሮ መዋል አልፈልግም። ዓመት ከሞላት ወዲህ ልደት ሲኖር ሁለት ጉርሻ የምታህል ትቀምሳለች፣ ለስላሳ አትጠጣም፣ ከረሜላ በቦርሳዋ ገብቶ ቤት ይመጣልና እኔ አወጣዋለሁ። ልጆቹ ሲወጡ የሚሰጣቸው ያ የላስቲክ ከረጢት፣ ከረሜላና ችፕስ ሞልቶ፣ ወላጆች እርስ በርስ የምንፎካከርበት ነገር ሆኗል። ባለፈው የራሷ ልደት ሲሆን ቀለም እርሳስና ትንሽ ኳስ አድርጌ ላክሁ። ሦስት እናቶች አመሰገኑኝ፣ አንዱ አባት ግን «ልጄ ከረሜላው የታለ ብሎ አለቀሰ» ብሎ ጻፈ።

ማቆያ የምታዩ ከሆነ ቅዳሜ ለምዝገባ ተብሎ ሲጸዳ አትሂዱ። በሥራ ቀን፣ 4 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ የመክሰስ ሰዓት ነው፣ የሚደበቅ ነገር የለም። የምግብ ዝርዝሩን ሳይሆን የባለፈውን ወር የአንድ ልጅ ደብተር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ስሙን ሸፍነው ያሳያሉ። አጥሚቱን ቅመሱ። ልጃችሁ በእጁ የሚበላ ከሆነ አብሳዩን ተዋወቁ፤ ከባለቤቱ ይልቅ የልጃችሁ ምሳ የሚወሰነው እሳቸው እጅ ላይ ነው። የልጃችሁ ሳህን ካልተጠረገ የምትቆጡ ወላጆች ከሆናችሁ ደግሞ ይህ ቤት ተስማሚያችሁ ነው፣ አንድም ፍርፋሪ አይተርፍም።

ለንጽሕናው፣ ለሲስተር የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርትና ለእትዬ ቅንጬ ብዬ ከአሥር ሰባት እሰጠዋለሁ። ፈንዲሻው ከወለሉ የጠፋ ዕለት ስምንት ይሆናል።